ካቆመበት የሚነሳ ፕሮግራም

አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሰትን የሚያሰላ፣ በራሱ የተጻፈ ፕሮግራም በዲፓርትመንቱ ኮምፒዩተር ላይ ሰኞ ጠዋት ያስጀምራል እንበል። ስሌቱ አምስት ቀንና አምስት ሌሊት ይወስዳል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መብራት ይጠፋል። የመጠባበቂያ ባትሪው ጥቂት ደቂቃ ጮኾ ዝም ይላል። መብራት ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ይነሳል፤ በዲስኩ ላይ የነበሩት ሰነዶች በሰላም አሉ፤ ስሌቱ ግን የለም። የሦስት ቀን ተኩል ሥራ እንደ ጉም በንኗል።

ከጎኑ ተቀምጦ ደብዳቤ ሲተይብ የነበረው ጓደኛው ያጣው ሁለት መስመር ብቻ ነው። የጽሑፍ ማቀናበሪያው ፕሮግራም በየጥቂት ደቂቃው ሥራውን ዲስክ ላይ ይመዘግብለት ነበርና። ልዩነቱ የመጣው ከፕሮግራሞቹ ጸሐፊዎች ነው። የጽሑፍ ማቀናበሪያውን ያዘጋጁት ባለሙያዎች የመመዝገቢያውን ዘዴ አስቀድመው አብጅተውታል። ግሮማክስን የመሳሰሉ ስመ ጥር የሞለኪውል ስሌት ፕሮግራሞችም በልማድ በየ15 ደቂቃው የደረሱበትን በራሳቸው ይመዘግባሉ። ተማሪው ግን ፕሮግራሙን የጻፈው ስለ ውኃ እያሰበ እንጂ ስለ መብራት እያሰበ አልነበረም።

ለመሆኑ ፕሮግራሙ ምንም ሳያውቅና ምንም ሳይተባበር፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ ባለበት አቁሞ፣ ያለበትን ሁኔታ በሙሉ በፋይል መዝግቦ፣ በኋላ በዚያው ወይም በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ካቆመበት ሊያስነሳው ይችላልን? ባለሙያዎች መመዝገቡን ቼክፖይንት፣ ማስነሳቱን ሪስቶር ይሉታል። ጥያቄው አሮጌ ነው። በሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ አጥጋቢ መልስ ያገኘው ግን ብዙ ከተደከመና አንድ ትልቅ ሙከራ ከከሸፈ በኋላ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የገበጣው ጠጠሮች

ሁለት ልጆች ገበጣ እየተጫወቱ ሳለ እናታቸው ትጠራቸዋለች። ጨዋታውን ነገ ካቆሙበት ለመቀጠል ቢፈልጉ ምን ምን መጻፍ ይኖርባቸዋል? በቅድሚያ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ያሉትን ጠጠሮች ቁጥር። ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ተራው የማን እንደሆነም መታወቅ አለበት። የተጠሩት ደግሞ አንደኛው ልጅ ጠጠሮቹን አንስቶ በየጉድጓዱ በማደል ላይ ሳለ ከሆነ፣ በእጁ ስንት ጠጠር እንደቀረና ቀጣዩ በየትኛው ጉድጓድ እንደሚወድቅ መጻፍ የግድ ነው። በእጅ ያለው ጠጠር ከተረሳ ጨዋታው ያው ጨዋታ አይሆንም።

በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም፣ በባለሙያዎች አጠራር ፕሮሰስ፣ በመጀመሪያ እይታ ከዚህ ብዙ አይለይም። ጉድጓዶቹ የኮምፒዩተሩ ሜሞሪ ናቸው። በተለመዱት የግል ኮምፒዩተሮች ላይ ሜሞሪው እያንዳንዳቸው 4096 ባይት በሚይዙ ገጾች ይከፈላል። በእጅ ያሉት ጠጠሮች በፕሮሰሰሩ ውስጥ የሚገኙት ሬጂስተሮች ናቸው፤ ከነዚህም አንዱ ቀጥሎ የሚፈጸመው ትእዛዝ የት እንዳለ ያመለክታል። ገጾቹንና ሬጂስተሮቹን የገለበጠ ሰው ፕሮግራሙን በሙሉ የያዘ ይመስለዋል።

ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጽሑፉም እዚህ ላይ ባበቃ ነበር።

ቤት መልቀቅ

ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላ ሰፈር ቤት የሚቀይር ቤተሰብ አልጋውንና ቁም ሣጥኑን በመኪና ጭኖ መሄድ ይችላል። በዕድሩ መዝገብ ላይ የሰፈረውን ስሙን፣ በባለሱቁ ደብተር ላይ ያለውን ዱቤ፣ ከጎረቤት ጋር በጋራ የሚጠቀምበትን የውኃ ቆጣሪ ግን በመኪና መጫን አይቻልም። እነዚህ በቤቱ ውስጥ ያሉ ዕቃዎች ሳይሆኑ በሌሎች ሰዎች እጅ የሚገኙ መዝገቦች ናቸውና።

ፕሮሰስም እንዲሁ ነው። አንድ ፕሮግራም ፋይል ሲከፍት የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ 3 እንበል። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ «ከ3 አንብብልኝ»፣ «ወደ 3 ጻፍልኝ» እያለ ይኖራል። 3 የትኛው ፋይል እንደሆነ፣ ንባቡ ስንተኛው ባይት ላይ እንደደረሰ፣ ፋይሉን ሌላ ፕሮሰስ ይጋራው እንደሆነ የሚያውቀው ከርነሉ ብቻ ነው። ሜሞሪውን ሙሉ በሙሉ ብንገለብጥ የምናገኘው ያንኑ 3 የሚል ቁጥር ነው። የደብተሩ ገጽ ያለው በባለሱቁ ዘንድ ነው።

በከርነሉ ደብተር ውስጥ የሚገኘው ደግሞ ፋይል ብቻ አይደለም። የፕሮሰሱ መለያ ቁጥር፣ የወላጁና የልጆቹ ማንነት፣ ሊደወሉ የተቃረቡ የሰዓት ቆጣሪዎች፣ ተልከው ገና ያልደረሱ ሲግናሎች፣ በሁለት ፕሮሰሶች መካከል በተዘረጋ ቧንቧ ውስጥ ያሉ ያልተነበቡ ባይቶች፣ በሌላ አገር ካለ ኮምፒዩተር ጋር የተከፈተ የኔትወርክ ግንኙነት፣ ሁሉም እዚያ ናቸው። ስለዚህ የቼክፖይንት ችግር ሜሞሪ የመገልበጥ ችግር አይደለም። እነዚህን መዝገቦች ማንበብና በሌላ ከርነል ደብተር ላይ መልሶ ማጻፍ ነው ችግሩ።

የቀደሙት ሙከራዎች

በአሜሪካ የዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ መጨረሻ ኮንዶር የተሰኘ ሥርዓት ሠርተው ነበር። ዓላማው ሥራ ፈትተው የቆሙ የመምህራንና የተማሪዎች ኮምፒዩተሮችን ለረጅም ስሌቶች ማዋል ነው። የኮምፒዩተሩ ባለቤት ተመልሶ ኪቦርዱን ሲነካ፣ በእንግድነት ይሠራ የነበረው ስሌት ይመዘገብና ወደ ሌላ ባዶ ማሽን ይሄዳል። ይህን አገልግሎት ለማግኘት ግን ፕሮግራሙ ከኮንዶር ቤተ መጻሕፍት ጋር ዳግም መያያዝ ነበረበት፤ ልጅ ፕሮሰስ መውለድም አይፈቀድለትም። እንግዳው በመጣበት ቤት ቤተሰብ መመሥረት የተከለከለ ነበር ማለት ይቻላል።

በካሊፎርኒያ የሚገኘው የሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ በበኩሉ ለሊኑክስ ከርነል ተጨማሪ ሞጁል አዘጋጀ። ይህ ሥራ በታላላቅ የስሌት ማዕከላት ዘንድ ለዓመታት አገልግሏል። የተከፈቱ የኔትወርክ ሶኬቶችን ግን አይመዘግብም ነበር፤ ይህን ክፍተት በፕሮሰሶች መካከል መልእክት የሚያመላልሱት ቤተ መጻሕፍት እንዲሸፍኑለት ይጠበቅ ነበር። ኮንቴነር የሚባሉትን የተከለሉ አካባቢዎች ቀድሞ በሊኑክስ ላይ የሠራው የኦፕንቪዜድ ቡድን ደግሞ በራሱ በተሻሻለ ከርነል ላይ ፕሮሰሶችን ከነቤተሰባቸው ከማሽን ወደ ማሽን ማዘዋወር ችሎ ነበር። ችግሩ ይህ ኮድ በዋናው ሊኑክስ ውስጥ አለመኖሩ ነው። ከርነሉ በየሁለትና ሦስት ወሩ በአዲስ እትም ስለሚወጣ፣ ከዋናው ውጭ የቀረ ኮድ ሁልጊዜ ከኋላ እየሮጠ የሚከተል ነው።

ከ2008 ጀምሮ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ኦረን ላዳን ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ሥራውን በዋናው ከርነል ውስጥ ለማስገባት ተነሳ። አስተሳሰቡ ቀጥተኛና ለሰሚውም የሚያሳምን ነበር፤ መዝገቡ ያለው በከርነሉ ዘንድ ስለሆነ መዝጋቢውም ከርነሉ ይሁን የሚል። በ2010 ይህ ሥራ ወደ 100 የሚደርሱ ተከታታይ ማሻሻያዎችን የያዘ ሆኖ ቀረበ። የሚሠራ ሥራ ነበር። ነገር ግን ተቀባይነት አላገኘም።

ተቃውሞው ከምን መጣ? በሊኑክስ ከርነል ውስጥ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ኃላፊ አለው፤ የፋይል ሥርዓቱ፣ የኔትወርኩ፣ የሜሞሪው። አዲሱ ሥራ ቢገባ እያንዳንዱ ኃላፊ ከዚያ ቀን ጀምሮ በክፍሉ ላይ ለውጥ ባደረገ ቁጥር መመዝገቢያና ማስነሻውን አብሮ ማደስ ይጠበቅበታል። የተመዘገበው ፋይል ቅርጽም ከከርነሉ የውስጥ አሠራር ጋር ስለሚተሳሰር ዛሬ የተመዘገበ ፕሮግራም በሚቀጥለው ዓመት ከርነል ላይ ላይነሳ ይችላል። ጥቂቶች ለሚጠቀሙበት አገልግሎት ሁሉም ለዘለዓለም ግብር ይክፈል እንደ ማለት ነው። በእኔ ግምት ተቃዋሚዎቹ ትክክል ነበሩ፤ ምንም እንኳ የዓመታት ልፋታቸውን ይዘው ለተመለሱት ሰዎች ማዘን ባይቀርም።

ትናንሽ ጥያቄዎች

በሐምሌ 2011 ከኦፕንቪዜድ ቡድን መሪዎች አንዱ የሆነው ፓቬል ኤሜሊያኖቭ ሌላ ሐሳብ ይዞ ቀረበ። ቡድኑ ቀደም ሲል ሥራውን በሙሉ በከርነል ውስጥ የሠራ ስለሆነ የዚያን መንገድ ምቾትም ክብደትም ያውቃል። አዲሱ ሐሳብ የተገላቢጦሽ ነበር፤ መዝጋቢው ከከርነሉ ውጭ ያለ ተራ ፕሮግራም ይሁን። ከርነሉ ለሚጠየቀው መልስ ይስጥ፤ የጎደለ መልስ ሲኖር ብቻ፣ ለዚያች ለጎደለችው ነገር ትንሽ በር ይከፈት። ፕሮግራሙ ክሪዩ ተባለ።

የከርነሉ አንጋፋ ኃላፊ አንድሪው ሞርተን በጥር 2012 የመጀመሪያዎቹን ማሻሻያዎች ሲቀበል የጻፈው ማስታወሻ እስከ ዛሬ ይነሳል። ሥራውን የእብድ ሩሲያውያን ፕሮጀክት ሲል በቀልድ ጠርቶ፣ ነገሩ በመጨረሻ መሥራቱን እንደ ጸሐፊዎቹ እንደማያምንበት ገለጸ። ስለዚህም ለክሪዩ ተብሎ የሚጨመር ኮድ ሁሉ በአንድ የማዋቀሪያ ምርጫ ስም እንዲታጠር ጠየቀ። ፕሮጀክቱ ቢከሽፍ አጥሩን ተከትሎ ሁሉንም ነቅሎ መጣል እንዲቀል ነው። ኮዱ በዚሁ ሁኔታ በመጋቢት 2012 በወጣው ሊኑክስ 3.3 ውስጥ ገባ።

እነዚያ ትናንሽ በሮች ምን እንደሚመስሉ ሦስቱን ቀረብ ብለን እንመልከት።

የመጀመሪያው የመለያ ቁጥር ጉዳይ ነው። ፕሮሰሱ ሲመዘገብ ቁጥሩ 1250 ከነበረ ሲነሳም 1250 መሆን አለበት፤ ልጆቹና ወላጁ በዚህ ቁጥር ነውና የሚያውቁት። ከርነሉ ግን ቁጥር የሚያድለው በራሱ ተራ ነው። የተከፈተችው በር የመጨረሻው የታደለ ቁጥር የተጻፈበትን ቦታ ለመጻፍ መፍቀድ ብቻ ነበረች። 1249 ብለህ ትጽፋለህ፤ ቀጥሎ የሚወለደው 1250 ይሆናል። አንባቢ ቀዳዳውን ሳያየው አይቀርም፤ በመጻፍና በመውለድ መካከል ሌላ ፕሮሰስ ቢወለድስ? በእርግጥም ይህ ደካማ ጎን ነበር። በጥር 2020 የወጣው ሊኑክስ 5.5 ፕሮሰስ በሚወለድበት ቅጽበት ቁጥሩን መርጦ መስጠት የሚያስችል መንገድ ሲያመጣ ተደፈነ።

ሁለተኛው ይበልጥ ረቂቅ ነው። ሁለት ፕሮሰሶች አንድ ፋይል ከፍተዋል። ሁለቱም በየራሳቸው ከፍተውት ከሆነ የአንዱ ንባብ ሌላውን አይነካም። ከአንድ ወላጅ የወረሱት ከሆነ ግን አንዱ መቶ ባይት ሲያነብ የሌላውም የንባብ ቦታ አብሮ ይራመዳል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ ሁኔታዎች ፍጹም ይመሳሰላሉ። ከርነሉ የመዝገቡን አድራሻ ቢናገር ነገሩ ወዲያው ይለያል፤ የከርነሉን የውስጥ አድራሻ ማውጣት ግን ለሰርጎ ገቦች ካርታ ማደል ነው። መፍትሔው ኬሲኤምፒ የተባለ አዲስ ሲስተም ኮል ሆነ። ሁለት ነገሮችን ታቀርብለታለህ፤ እሱም «አንድ ናቸው»፣ አለዚያም «ይህ ከዚያ ይቀድማል» ብሎ ይመልሳል። ቅደም ተከተሉ የሚወሰነው በተድበሰበሰ አድራሻ ስለሆነ ምስጢር አይወጣም። መልሱ አንድ ናቸው ወይም አይደሉም ብቻ ያልሆነበት ምክንያት አለው። 1000 የተከፈቱ ፋይሎችን ጥንድ ጥንዱን ማነጻጸር 499,500 ጥያቄ ይጠይቃል። ቀዳሚና ተከታይ ከታወቀ ግን በቅደም ተከተል መደርደር ይቻላል፤ ለዚህም 10,000 ገደማ ጥያቄ ይበቃል።

ሦስተኛው የኔትወርክ ግንኙነት ነው፤ ለብዙዎች የማይቻል ይመስል የነበረውም ይኸው ነበር። በቲሲፒ ሕግ መሠረት ሁለት ኮምፒዩተሮች ሲነጋገሩ የተላከው እያንዳንዱ ባይት የተራ ቁጥር አለው፤ ግንኙነቱ ሲዘጋም የስንብት መልእክት ይላካል። ፕሮሰሱን አጥፍተን በሌላ ቦታ ልናስነሳው ስንል ያኛው ወገን ስንብቱን ከሰማ ነገር አበቃ። በ2012 በወጣው ሊኑክስ 3.5 የገባው የጥገና ሁኔታ ይህን ፈታው። ሶኬቱ በጥገና ላይ ሳለ ያለ ስንብት በዝምታ ይዘጋል። በአዲሱ ቦታም ያለ ሰላምታ ይከፈታል፤ የተራ ቁጥሮቹ በቀጥታ ይጻፉበትና ጭውውቱ መሀል ላይ ይቀጥላል። በመካከሉ ከወዲያኛው ወገን የሚመጡ ፓኬቶች በከርነሉ የኬላ ሕግ ይታገዳሉ። ካልታገዱ ከርነሉ «እንዲህ ያለ ግንኙነት አላውቅም» የሚል መልስ ሰጥቶ ሁሉንም ያፈርሰዋል። ወዲያኛው ወገን መልስ ሲዘገይበት መልእክቱን ደግሞ ይልካል፤ ኔትወርኩ የተጨናነቀ ይመስለዋል እንጂ አነጋጋሪው አገር መቀየሩን አያውቅም። እርግጥ የኔትወርክ አድራሻውም አብሮ መሄድ አለበት።

ተውሳኩና ትንሣኤው

ክሪዩ ራሱ ሥራውን የሚሠራው እንዴት ነው? በመጀመሪያ ስህተት ፈላጊ ፕሮግራሞች በሚጠቀሙበት ፒትሬስ በሚባለው መንገድ ፕሮሰሶቹን ሁሉ ባሉበት ያደርቃቸዋል። ከዚያም ከርነሉ ፕሮክ በተሰኘው ማውጫ ስር የሚያሳየውን ሁሉ ያነባል፤ የሜሞሪ ክልሎችን፣ የተከፈቱ ፋይሎችን፣ የንባብ ቦታዎችን። ከውጭ የማይታዩ ነገሮች ሲኖሩ ደግሞ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ጥገኛ ተውሳክ የሚሉትን አነስተኛ ኮድ በደረቀው ፕሮሰስ ሜሞሪ ውስጥ ያስገባል። ተውሳኩ ከውስጥ ሆኖ፣ በፕሮሰሱ ስም ከርነሉን እየጠየቀ መልሱን ለክሪዩ ያቀብላል። ሲጨርስ ይወጣል፤ ሬጂስተሮቹም ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። ፕሮግራሙ እንዲቀጥል ከተፈቀደለት በውስጡ እንግዳ አድሮ እንደነበር የሚያውቅበት መንገድ የለም።

ማስነሳቱ ከዚህ ይከብዳል። ክሪዩ የቀድሞዎቹን መለያ ቁጥሮች የያዙ ልጆችን ይወልዳል፤ እያንዳንዱ ልጅ ፋይሎቹን ይከፍታል፣ ሶኬቶቹን ይጠግናል፣ ቧንቧዎቹን ይዘረጋል። በመጨረሻ ግን አንድ እንቅፋት ይቀራል። ልጁ ገና የክሪዩን ኮድ ነው የሚያስኬደው፤ የፕሮግራሙ ሜሞሪ መቀመጥ ያለበት ደግሞ በቀድሞ አድራሻው ነው፤ ያ አድራሻ በክሪዩ የተያዘ ሊሆን ይችላል። ክሪዩ ራሱን ካላጠፋ ፕሮግራሙ ቦታ አያገኝም፤ ራሱን ካጠፋ ሥራውን የሚጨርስ የለም። የተቀመጡበትን ቅርንጫፍ መቁረጥ ነው። ስለዚህ በክሪዩም በፕሮግራሙም ካርታ ላይ ነጻ የሆነ ክፍተት ይፈለግና ትንሽ የኮድ ቁራጭ እዚያ ትቀመጣለች። እሷ የክሪዩን ሜሞሪ በሙሉ ታነሳለች፣ የፕሮግራሙን ገጾች በየቦታቸው ታስቀምጣለች። የእጁን ጠጠሮች፣ ማለትም ሬጂስተሮቹን፣ ለመመለስ የምትጠቀምበት ዘዴ ብልህ ነው። ከርነሉ ለአንድ ፕሮሰስ ሲግናል ሲያደርስ ሬጂስተሮቹን በሜሞሪ ላይ ያስቀምጥና ሲግናሉ ከተስተናገደ በኋላ መልሶ ይጭናቸዋል። ቁራጯ የተመዘገቡትን ሬጂስተሮች በዚያው ቅርጽ አሰናድታ «ከሲግናል ተመልሻለሁ» ትላለች። ከርነሉም ያምናታል። ፕሮግራሙ ከቀናት በፊት ሊፈጽመው የነበረውን ትእዛዝ ይፈጽማል።

እየሮጡ መጓዝ

ይህ ሁሉ ጥበብ ለመብራት መጥፋት ብቻ አይውልም። አንድን ሰርቨር ለጥገና ማጥፋት ሲያስፈልግ በላዩ ያሉት ፕሮግራሞች ሳይቋረጡ ወደ ሌላ ማሽን መሄድ ቢችሉ ጥቅሙ ግልጽ ነው። በ2018 በተካሄደ የሊኑክስ ባለሙያዎች ጉባኤ ላይ የጉግል መሐንዲሶች ክሪዩን በቦርግ ሥርዓታቸው ውስጥ ሥራዎችን ከማሽን ወደ ማሽን ለማዛወር እንደሚጠቀሙበት አቅርበዋል። ኩበርኔቲስም በ2022 በወጣው 1.25 እትሙ፣ በመጀመሪያ ለምርመራ ሥራ በሚል፣ ኮንቴነሮችን መመዝገብ ጀመረ። አንድ ሰርጎ ገብ የነካው የሚመስል ፕሮግራም ሳይቋረጥ ቅጂው ተወስዶ በሌላ ክፍል ይመረመራል።

ፕሮግራሙ ለምን ያህል ጊዜ ይቆማል? 8000 ሜጋባይት ሜሞሪ ያለው ፕሮሰስ በሰከንድ 125 ሜጋባይት በሚያስተላልፍ መስመር ይላክ እንበል። ደርቆ የሚጠብቅ ከሆነ 64 ሰከንድ ይቆማል፤ ይህ ለተጠቃሚ ብዙ ነው። በ2013 ግን በሊኑክስ 3.11 ሌላ ትንሽ በር ተከፍታለች፤ ከርነሉ ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ የተጻፈባቸውን ገጾች ምልክት አድርጎ ይናገራል። ስለዚህ ፕሮግራሙ እየሠራ ሁሉም ገጾች አንድ ጊዜ ይላካሉ። ፕሮግራሙ በሰከንድ 10 ሜጋባይት የሚለውጥ ከሆነ በ64 ሰከንድ ውስጥ ቢበዛ 640 ሜጋባይት ይለወጣል፤ እሱን መላክ 5 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በዚያ ጊዜ የሚለወጠው 51 ሜጋባይት ገደማ ነው። አሁን ፕሮግራሙ ቢቆም ቀሪውን ለመላክ የሚወስደው ከግማሽ ሰከንድ ያነሰ ነው። ፕሮግራሙ ሜሞሪውን የሚለውጥበት ፍጥነት ከመስመሩ ፍጥነት ከበለጠ ግን ይህ ሩጫ ማለቂያ የለውም።

በየስንት ሰዓቱ?

ወደ ተማሪያችን እንመለስ። ስሌቱን በየስንት ሰዓቱ ቢመዘግብ ይበጀዋል? ቶሎ ቶሎ ከመዘገበ ጊዜው በመመዝገብ ያልቃል፤ ካዘገየ መብራት ሲጠፋ ብዙ ያጣል። ጆን ያንግ የተባለ ባለሙያ በ1974 ያሳተመው ቀመር ዛሬም መነሻ ሆኖ ያገለግላል። ብክነቱ የሁለት ነገሮች ድምር ነው። አንደኛው አንድ ምዝገባ የሚፈጀው ጊዜ በምዝገባዎች መካከል ላለው ጊዜ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ሁለተኛው በአማካይ የሚጠፋው የዚሁ የመካከል ጊዜ ግማሽ በሁለት ብልሽቶች መካከል ላለው አማካይ ጊዜ ሲካፈል ነው። ካልኩለስ የጀመረ አንባቢ ድምሩ የሚያንስበትን ነጥብ ራሱ ሊያገኘው ይችላል። የምዝገባው ጊዜና የብልሽቱ ጊዜ ተባዝተው፣ በ2 ተባዝተው፣ ስኩዌር ሩታቸው ይወሰዳል።

አንዱ ምዝገባ 5 ደቂቃ ቢፈጅ፣ መብራት ደግሞ በአማካይ በ24 ሰዓት፣ ማለትም በ1440 ደቂቃ አንድ ጊዜ ቢጠፋ፣ √(2 × 5 × 1440) = √14400 = 120 ደቂቃ ይሆናል። በየሁለት ሰዓቱ ማለት ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ሁለቱ ብክነቶች እኩል ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 4.2 በመቶ ያህል። ተማሪው ሐሙስ ዕለት የሚያጣው በአማካይ አንድ ሰዓት ይሆን ነበር።

የማይመለሰው

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ያልተመለሱትን ነገሮች መደበቅ አይገባም። ክሪዩ የተከፈቱ ፋይሎችን ስምና የንባብ ቦታ ይመዘግባል እንጂ ይዘታቸውን በጠቅላላው አይገለብጥም። ፕሮግራሙ ተኝቶ ሳለ ፋይሉ ከተለወጠ የተነሳው ፕሮግራም ያለፈውን ዓለም እያስታወሰ በአሁኑ ዓለም ይሠራል። ክሪዩ የፋይሉ መጠን ተለውጦ ሲያገኘው ማስነሳቱን እምቢ ይላል፤ መጠኑ ሳይለወጥ ይዘቱ የተቀየረውን ግን ሁልጊዜ አያውቅም።

ሰዓትም አለ። ብዙ ፕሮግራሞች ጊዜን የሚለኩት ማሽኑ ከተነሳበት ቅጽበት ጀምሮ ወደፊት ብቻ በሚቆጥር ሰዓት ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ከተነሳ ማሽን ትናንት ወደተነሳ ማሽን የሄደ ፕሮግራም ይህ ሰዓት በድንገት ወደኋላ ሲሄድ ያያል፤ ፈጽሞ ሊሆን አይችልም ብሎ የሚያምነው ነገር ደረሰበት ማለት ነው። ለዚህ መፍትሔ የሆነው፣ ለእያንዳንዱ ኮንቴነር የየራሱን የሰዓት ልዩነት የሚሰጠው አሠራር የገባው በመጋቢት 2020 በሊኑክስ 5.6 ነው። ከክሪዩ የመጀመሪያ ማሻሻያዎች ስምንት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የደኅንነቱ ጉዳይ ይመስለኛል። የተመዘገበው ፋይል የሜሞሪው ቅጂ ስለሆነ በውስጡ የይለፍ ቃሎችና የምስጢር ቁልፎች ሳይሸሸጉ ይገኛሉ። አንዱ ቅጂ ሁለት ጊዜ ከተነሳ ደግሞ ሁለቱ መንትዮች አንድ ዓይነት «የዘፈቀደ» ቁጥሮችን ሊያወጡ ይችላሉ፤ ምስጢራዊ ግንኙነት ደግሞ የሚቆመው እነዚህ ቁጥሮች ዳግም ባለመውጣታቸው ላይ ነው። ፕሮግራሙ ከተመዘገበ በኋላ ገንዘብ እንዲዛወር ትእዛዝ ልኮ ከሆነ፣ ሲነሳ ትእዛዙን መላኩን አያስታውስም፤ ደግሞ ይልካል። ይህን ከርነሉም ክሪዩም ሊከለክሉት አይችሉም። በዚህ ቦታ ላይ የፕሮግራሙ ጸሐፊ፣ ገና ከመነሻው ልናስቀረው የፈለግነው ሰው፣ ተመልሶ ይጠየቃል።

የግራፊክስ ካርዶች ሜሞሪም ለረጅም ጊዜ ከዚህ ሥራ ውጭ ነበር፤ የካርዱን ደብተር የያዘው ከርነሉ ሳይሆን የአምራቹ ሶፍትዌር ነውና። ኤኤምዲ በ2022፣ ኤንቪዲያ በ2024 ለየካርዶቻቸው መመዝገቢያ መንገድ አቅርበዋል። ዛሬ በነዚህ ካርዶች ላይ ለሳምንታት የሚካሄዱ ስሌቶች ላሏቸው ሰዎች ጉዳዩ የቅንጦት አይደለም።

አንድሪው ሞርተን ያሳጠረው አጥር ዛሬም በከርነሉ ውስጥ አለ፤ በስሙ የታጠረውን ሊነቅል የመጣ ግን የለም። በ2021 በወጣው ሊኑክስ 5.12 ውስጥ ይልቅ ሌላ ነገር ሆነ። ሁለት ፋይሎች አንድ መሆናቸውን የሚናገረው ኬሲኤምፒ ከአጥሩ ውጭ የራሱ ምርጫ ተሰጠው። ከክሪዩ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው የግራፊክስ ሶፍትዌሮች ያችኑ ጥያቄ መጠየቅ አስፈልጓቸው ነበር።